ዶሜይኑን ያጣ ቨርቹዋል ማሽን
— ቨርቹዋል ማሽን ዶሜይን ኮንትሮለሩን ሲያጣ መጀመሪያ የሚታየው አይፒ አድራሻው ነው። በ169.254 ከጀመረ ከዲኤችሲፒ አድራሻ አላገኘም።
— 10.0.2.15 ከሆነስ?
— እሱ የቨርቹዋልቦክስ «ናት» ነው። ሁሉም ማሽን ያንኑ ቁጥር ይይዛል፣ እርስ በርስም አይተያዩም። ወደ ብሪጅድ ወይም ወደ ኢንተርናል ኔትወርክ ይቀየራል።
— ፒንግ እየመለሰ ዶሜይኑ «አልተገኘም» ሲባልስ?
— ያኔ ጥፋቱ በአብዛኛው የዲኤንኤስ ነው። ማሽኑ የጉግልን 8.8.8.8 ይጠይቃል፤ ጉግል ደግሞ የቢሮውን የውስጥ ስም ከየት ያውቀዋል?
— 8.8.8.8 ሁለተኛ ዲኤንኤስ ተደርጎ ቢቀመጥስ? ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል።
— ባይደረግ ይሻላል፤ ዊንዶውስ አንዳንዴ እሱኑ ይዞ ይቀራል። የኮንትሮለሩ አድራሻ ብቻ ይግባ፤ የውጩን ስም እሱው ጠይቆ ያመጣል።
— ሰዓቱም አይረሳ! ከኮንትሮለሩ ሰዓት ጋር ያለው ልዩነት ከ5 ደቂቃ ካለፈ ከርቤሮስ አያስገባም።
— ልክ ነው፤ ይኼ በተለይ ቆሞ ቆይቶ በተነሳ ማሽን ላይ ይበዛል።