ለልብ ጸጥታ አቋራጭ መንገድ አለን?
(በፔካ 12 ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ይኸን በጆሮ አድርጎ ዓይኑን የጨፈነ ሰው በ10 ደቂቃ ሐሳቡ ሁሉ ይጠፋለታል ይላሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ እንቅልፍ ካጣ ወራት ሆኖታል። ያን ዕለት ሳልመልስለት ቀረሁ።

ይህን በመሣሪያ የሞከሩ ሊቃውንት ነበሩ። ማይክል ፐርሲንገር የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ ደካማ የማግኔት ኃይል የሚያመነጭ ቆብ በሰው ራስ ላይ ያጠልቁ ነበር። ብዙዎች «የማይታይ አካል አጠገቤ ያለ መሰለኝ» አሉ፤ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የስዊድን ተመራማሪዎች ቆቡ መሥራት አለመሥራቱን ለፈታኙም ለተፈታኙም ሳይነግሩ ሞከሩት። ማግኔቱ ያመጣው ልዩነት አልተገኘም። ስሜቱ የመጣው በባሕርያቸው ለእንዲህ ያለ ነገር ቅርብ ለሆኑት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በአሜሪካ የቡድሃ እምነት ተመስጦ የለመዱ ሰዎች የአንጎል ሞገድ ተለካ፤ ካልለመዱት እጅግ የተለየ ሆነ። ልምምዳቸው ግን ከ10 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰዓት ነበር። መሣሪያው ለካው እንጂ አልሰጣቸውም።

እኛስ ዘንድ አቋራጭ መች ጠፍቶ! ጫት በየቀኑ ከኢትዮጵያ ተጭኖ ጅቡቲ የሚጣደፈው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግ ስለሚቀንስ ነው። ምርቃናው ከሰዓት በኋላ ሐሳብ ይሰበስባል። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፤ የዱካኩን ነገር ለእናንተ አልነግርም።

መቁጠሪያም እኮ መሣሪያ ነው። ክርስቲያኑ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ሲል፣ ሙስሊሙ በተስቢህ 33፣ 33 ሲቆጥር ቁጥሩን ይይዝለታል እንጂ አይጸልይለትም። ስልኩንም እንደዚያው አየዋለሁ። ትንፋሽ በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ሲዘገይ ልብ ይረጋጋል፤ ስልኩ ይህን ሊቆጥር ይችላል። መተንፈሱ የባለቤቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በመንገድ ክፉ ያየ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ያየው ሊመለስበት ይችላል። ያን ጊዜ አይታገል፤ ዓይኑን ይግለጥ፣ እግሩን መሬት ያስረግጥ፣ ለሚያምነው ሰው ወይም ለጤና ሠራተኛ ይንገር። ይህ ድካም አይደለም።

አንተም ልጄ፣ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ እኔ ደጅ ና፤ አብረን እንሞክረዋለን። ባትሪው ካለቀ በጣታችን እንቆጥራለን። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።