ለባልንጀራ የሚበራ፣ ለራስ የሚጨልም ልቡና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ንጉሥ ሰሎሞን በገባዖን እግዚአብሔር ተገልጦ የሚሻውን እንዲለምን በፈቀደለት ጊዜ፣ ባለጠግነትንና ረጅም ዕድሜን ትቶ ሕዝቡን የሚዳኝበት አስተዋይ ልቡና ለመነ። ስለ አንድ ሕፃን ለተካሰሱት ሁለት ሴቶች እንዴት አድርጎ እንደ ፈረደ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይኸው ንጉሥ ግን በገዛ ቤቱና በገዛ ትዳሩ ልቡ ወደ ባዕዳን አማልክት ዘነበለ፤ መንግሥቱም በልጁ በሮብዓም ዘመን ተከፈለች። የእናትን ልብ ከሰይፍ ሥር አውጥቶ ያየ ሰው የራሱን ልብ ማየት ስለ ምን ተሳነው?

ይህንን ጥያቄ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም አንሥተውታል። ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014) ባወጡት ጥናት፣ ነገሩን በንጉሡ ስም የሰሎሞን ተቃርኖ ብለው ሰየሙት። ከተጠየቁት ሰዎች እኩሌቶቹ የፍቅር ጓደኛቸው እንደ ከዳቸው፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ክህደቱ በወዳጃቸው ላይ እንደ ደረሰ አድርገው እንዲያስቡ ተደረገ። ስለ ወዳጃቸው ያሰቡት የሌላውን ወገን አሳብ ለመመርመር፣ የማያውቁት ነገር እንዳለ ለመቀበል፣ መካከለኛ መንገድ ለመፈለግ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውም በዚህ ከወጣቶቹ አልተለዩም፤ ሽበት ብቻውን ለገዛ ቁስል መድኃኒት አልሆነም ማለት ነው። ሆኖም የራሳቸውን ጉዳይ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ከሩቅ ሆነው እንዲመለከቱ በተደረገ ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ።

ነቢዩ ናታን ግን ወደ ዳዊት የሄደው ይህንኑ መንገድ ይዞ ነበር። ኃጢአቱን ፊት ለፊት ቢነግረው ንጉሡ ምክንያት ይደረድር ነበር። አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻና በጓን ስለ ነጠቀው ባለጠጋ ነገረው፤ ዳዊትም ተቈጥቶ በዚያ ሰው ላይ ፈረደ። ያ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን የሰማው ከፈረደ በኋላ ነው።

አገራችንም ለዚህ የቆየ ሥርዓት አላት። ከውርጌሳ እስከ መርሳ፣ ከስሪንቃ እስከ ወልድያ፣ ሰው በድንበር ወይም በውሃ ተራ ሲጣላ ራሱ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። የሚያምነውን ሽማግሌ ይመርጣል፤ ባላጋራውም የራሱን ይመርጣል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሰማሉ። ቍጣው ያልበረደ እንደ ሆነ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ቀጠሮ የሚያሰለቸው ሰው አለ፤ እኔ ግን ከሽምግልናው ሁሉ ትልቁ ጥበብ እርሱ ይመስለኛል።

ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን በያዘበት ወራት ብዙ ቤት ተዘርፏል፤ ብዙ ሰው ተሰድዷል። የቂሙ ነገር ከንብረቱ ይልቅ ቈየ። እንግዲህ አንድ ተሰዳጅ ወደ ሀብሩ ተመልሶ ላሙን በጎረቤቱ በረት አገኛት እንበል። ልቡ ወዲያው ይፈርዳል፤ ሌባ ነው፣ ቤቴንም ያስዘረፈ እርሱ ነው ይላል። ይህ ነገር በሌላ ቀበሌ፣ በማያውቃቸው በሁለት ሰዎች መካከል ሆነ ቢባል ግን ያው ሰው እርጋታ አያጣም። ምናልባት ባዝና ሳለች አግኝቶ አስጠግቷት ይሆናል፣ ወይም ከገበያ ሳያውቅ ገዝቷት ይሆናል፣ እስቲ ይጠየቅ ይላል።

ስለዚህ ክስ ከመጀመራችሁ፣ ከዚያም በፊት እጃችሁ ወደ ዱላ ከመሄዱ አስቀድሞ፣ ነገሩን ስም ለውጣችሁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለአንድ ታማኝ ሽማግሌ ንገሩ። አንድ ሰው ላሙን በሰው በረት አገኘ ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያም ላሚቱን በዚያ ሁሉ ወር ማን እንዳጠጣት፣ ጥጃዋም ካለ የት እንዳለ፣ የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ አድምጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።