ታሪኩ የልጅቷ ነው

(ሚዛን ተፈሪ በተደረገው የአባላት ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የቅዳሜው የንባብ ቡድን ልጆቻችን አንድ ጥያቄ አቅርበዋል። በእነሱ ዕድሜ ያለች ልጅ ተጠልፋ፣ ተርፋ፣ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖረች የሚናገር ልብ ወለድ መጻፍ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቻችሁ «በዚህ ዕድሜያቸው ስለ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ምን ያጽፋቸዋል?» ብላችኋል። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ እኔም እናት ነኝ።

ግን እነዚህ ልጆች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ እዚህ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በቡናው መሐል በእግር ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ ላይ የማያውቁት ሰው ይበዛል። ጠለፋ የሚባል ነገር መኖሩን ከመጽሐፍ አይማሩትም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲወራ ሰምተውታል። ያልሰሙት ከዚያ በኋላ መኖር እንደሚቻል ነው።

አብዛኞቻችሁ «ድፍረት» የሚለውን ፊልም ታውቁታላችሁ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፣ በአማርኛ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ በፈረስ የመጡ ሰዎች ጠለፏት። ተደበደበች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትሮጥ ተከትሎ የደረሰባትን ጠላፊ በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። መዓዛ አሸናፊ ከመሠረቱት አንዷ የሆኑበት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት።

የፊልሙ ስም ራሱ ትምህርት አለው። ጀግና ሴት «ደፋር» ትባላለች። የተጎዳችውን ደግሞ «ተደፈረች» እንላለን። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሰው ግን ሁለተኛውን ብቻ እየያዘ ልጅቷን ዕድሜ ልኳን ይጠራባታል። የመጀመሪያውን ሊመልስላት የሚችል ታሪክ ካለ፣ ልጆቻችን ቢጽፉት ምን ክፋት አለው?

ይሁንና የዚህ ፊልም ታሪክ ሌላም ገጽ አለው። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ በተሰናዳበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ። አበራሽ ሳልጠየቅ ታሪኬ ተወሰደ ብላ አቤት ብላ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች፤ ስሟ ተቀይሯል። ለአበራሽ ግን የስም መቀየር በቂ አልነበረም። በነፃ ከተለቀቀች በኋላ እንኳ በቀዬዋ መኖር አልቻለችም፤ ከቤተሰቧ ርቃ ነው ያደገችው። ያን ሁሉ የከፈለችው እሷ ናት።

ይህን የምነግራችሁ በሌላ ሰው ልፈርድ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

ከዓመታት በፊት እንግዶች ሊጎበኙን መጥተው «አንድ ታሪክ ንገሩን» አሉ። እኔም ከጠለፋ ስላመለጠች ተማሪያችን ተናገርኩ። ስሟን አልጠራሁም። የመጣችበትን ቀበሌና የምትማርበትን ክፍል ግን ተናገርኩ፤ በስንት ሰዓት እንዳመለጠች ሳይቀር። ልጅቷ ከኋላ ቡና ታቀርብ ነበር። ሲኒውን አስቀምጣ ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቴፒ ገበያ ላይ ስንገናኝ እጄን ይዛ፣ «ቲቸር፣ ስሜን አልጠሩም፤ ግን ሁሉም ዞሮ እኔን ነው ያየኝ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅርታው ግን ያመለጣትን ዓመት አልመለሰላትም።

ስለዚህ ልጆቹ ልብ ወለድ እንጻፍ ሲሉ ደስ አለኝ። ልብ ወለድ ጥሩ ጎን አለው፤ የማንንም ገበና ሳያወጣ እውነቱን ይናገራል። ቅዳሜ ዕለት ቁጭ ብለን ሦስት ነገር ተስማምተናል።

አንደኛ፣ የምናውቃት ልጅ ታሪክ አይጻፍም። ባለታሪኳ ራሷ ከፈለገች፣ ራሷ ትጽፈዋለች፤ ሐሳቧን ከቀየረችም ወረቀቱ ይመለስላታል።

ሁለተኛ፣ ታሪኩ ጠለፋው ላይ አያልቅም፤ ፍርድ ቤቱም ላይ አያልቅም። ልጅቷ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? እናቷ ምን ትላታለች? መቼ ነው ከልቧ የምትስቀው? አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «የእኔ ልጅ መጨረሻ ላይ ቡና ትሸጣለች፤ በራሷ ሚዛን» ብላለች። እኔ ከዚህ የተሻለ መጨረሻ አላውቅም።

ሦስተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሕግና ሕክምና ትክክል ይሁን፤ አንባቢዋ ነገ ሊያስፈልጋት ይችላልና። በድሮው ሕግ የጠለፋ ቅጣት ከ3 ዓመት እስራት አያልፍም ነበር፤ ጠላፊው ካገባት ደግሞ ክሱ ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 587፣ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አስገድዶ መድፈር ከተጨመረበት ጠላፊው ለአስገድዶ መድፈር በተደነገገው ቅጣት ይቀጣል። ጋብቻ ከክስ አያድንም። ሽማግሌ ቢላክ፣ ከብት ቢቆጠር፣ ወንጀሉ ወንጀል ነው። በሕክምና በኩል ደግሞ፣ የተደፈረች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት መጀመር ትችላለች፤ በፈጠነች ቁጥር ይሻላል። እርግዝናን የሚከላከልም አለ። ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ይዛ ብትሄድ ለማስረጃ ይረዳል።

ደጋፊዎቻችን፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ለድጋፋችሁ ሁሌም እናመሰግናለን። ነገር ግን ከእንግዲህ በሪፖርታችን ውስጥ የተጎዳች ልጅ ታሪክና ፎቶ አታገኙም። ስንት ልጆች ትምህርታቸውን እንደቀጠሉ፣ የቤት ኪራያቸው እንዴት እንደተከፈለ፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ በዝርዝር እንነግራችኋለን። ልብ የሚነካ ነገር ከፈለጋችሁ፣ ልጆቻችን የሚጽፉትን መጽሐፍ አንብቡ።

እናቶቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ልጆቹን ከእንጨት ለቀማና ከውኃ አሳርፏቸው። ሲመለሱ «ምን ጻፍሽ?» ብላችሁ አትጫኗቸው። ራሳቸው ሊያነቡላችሁ የመጡ ቀን ግን ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ስሟቸው።