የመድን ወኪልና የፎገራ ገበሬ



የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. ሲቋቋም የተረከበው ሥራ በአብዛኛው የተሽከርካሪ፣ የጭነትና የከተማ ንብረት መድን ነበር። ገበሬው ግን ያኔም ቢሆን ያለ ዋስትና አልኖረም። ሰው ሲሞትበት እድሩ አለለት፤ ቤቱ ቢቃጠል መንደሩ እንጨትና ሣር ተሸክሞ ይደርሳል፤ የበሬው እግር ቢሰበር ጎረቤት ሥጋውን ተካፍሎ ዋጋውን ያዋጣለታል። ስለዚህ ቁሐር ሚካኤል ገብቶ «መድን የሚባል ነገር ይዤላችሁ መጣሁ» የሚል ወኪል ከመነሻው ተሳስቷል።

እድር የሚያቅተው አደጋው ሁሉንም በአንድ ሌሊት ሲመታ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ረጂና ተረጂ አንድ ላይ ነበሩ። የወኪሉ ቦታ እዚህ ላይ ነው፤ የአንዱን ቀበሌ ጉዳት በሩቅ አገር አረቦን ለመካስ።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን የተጀመረው በዝናብ መለኪያ ላይ የተመሠረተው የሰብል መድን ለድርቅ መልካም ዘዴ ነው። ለፎገራ ግን እንዳለ አይሆንም። ሁለቱም ወንዞች የሚነሡት ከጉና ተራራ ነውና ወረታ ላይ ያለው መለኪያ ጥቂት ዝናብ በመዘገበበት ቀን ሩዙ በጎርፍ ሊዋጥ ይችላል። ይህን ሳይናገር ውል የሚያስፈርም ወኪል ካሣ በሚቀርበት ዓመት በመንደሩ ፊቱን ማሳየት አይችልም።

የቤተሰቡ ጉዳይ የተሻለ መንገድ አግኝቷል። ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ነበረች። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ መሆኑ ታላቅ ብልሃት ነው፤ የታመመው ብቻ ተመዝግቦ ጤነኛው ቢቀር ገንዘቡ ወዲያው ያልቅ ነበርና። ለቤትና ለእርሻ መድንም ይኸው ይሠራል፤ ወንዝ ዳር ያለው ብቻ ከገባ አረቦኑ የሚቻል አይሆንም። የክፍያው ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል፤ ሰኔ ላይ ገበሬው ያለውን ሁሉ መሬት ውስጥ ቀብሯል፤ እህል ጎተራ ሲገባ ግን እጁ አይጠብቅም።

ወኪሉ በሕግ የመድን ሰጪው ሰው ነው፤ ለመድን ገቢው የሚቆመው ደላላው ነው። አብሮ ቡና የሚጠጣ፣ ክርስትና የሚነሣ ወኪል ግን ይህ ልዩነት በገበሬው ዘንድ እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ገና ከጅምሩ በግልጽ ሊነገር ይገባል። የጉዳት ግምትም ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ አንዴ ውኃው ሳይጎድል፣ ሁለተኛም ከሸሸ በኋላ ሩዙ እንደገና ማቆጥቆጥ አለማቆጥቆጡ ሲለይ።