መቀሱ ከመምጣቱ በፊት ሚዛኑ ይምጣ

(ከዚህ በታች የምታነቡት በክልል ከተሞች ስለሚከፈቱ የዲጂታል ፈጠራ ማዕከላት አዲስ አበባ ውስጥ በተደረገ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች ጥቂት አሳጥረነዋል።)



የተሰጠኝ ርዕስ ሲጠሩት አፍ ይሞላል። «የክልሎችን የፈጠራ ሥነ ምህዳር መገምገም» ይላል። ወደ ሰው ቋንቋ እናውርደው ከተባለ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ማዕከል ከመክፈታችን በፊት ከተማው ያንን ማዕከል የሚያኖር ነገር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ማን ይጠቀምበታል? መብራቱስ፣ መስመሩስ፣ ገንዘቡስ? ይኸው ነው።

እኛ አገር ግን ነገሩ የሚጀመረው ከወዲያኛው ጫፍ ነው። መጀመሪያ ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ቴሌቪዥን ይቀርጻል። ጥናቱ ከኋላ ይመጣል፣ እሱም ከመጣ። ወጣቶችን ኮምፒዩተር ለማሰልጠን ባለፉት ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጪ ብዙ ተመላልሻለሁ። አንድ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን ልተወው፣ እንዲህ ያለ ማዕከል አሳዩኝ። ያሳዩኝ በመስኮት ነው፤ ቁልፉን የያዙት ኃላፊ ስብሰባ ሄደው ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም። ከመንገዱ ማዶ ሦስት ልጆች ጠባብ ሱቅ ተከራይተው ሞባይል ይጠግናሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ለአካባቢው ነጋዴ የዕቃ መዝገብ በኮምፒዩተር ይሠራሉ። ማዕከሉ ገብታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብላቸው «እሱ የመንግሥት ነው» አሉኝ። ፈጠራው ከመንገዱ ወዲህ፣ ማዕከሉ ከመንገዱ ወዲያ!

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርገዋል? «አውሮፓና እኛ ምን አገናኘን» የሚል ይኖራል። ሀብታቸውን ትተን አሠራራቸውን እንይ። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ፈጠራ ማዕከላትን ጉዳይ በሰፊው ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ2014 ጀምሮ፣ ለክልሎች አንድ ግዴታ አስቀምጦ ነበር። ከኅብረቱ የልማት ካዝና ለምርምርና ለፈጠራ ገንዘብ የሚፈልግ ክልል መጀመሪያ ራሱን ፈትሾ «እኔ የምችለው ይህን ነው» ማለት አለበት። ያውም ቢሮ ዘግቶ በመጻፍ ሳይሆን ከነጋዴው፣ ከፋብሪካውና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተቀምጦ ነው። ከዚህ ሌላ ወደ 240 የሚጠጉ ክልሎች በየጊዜው ይመዘናሉ። ስንቱ ተምሯል፣ መንግሥት ለምርምር ስንት ያወጣል፣ ኩባንያዎችስ በራሳቸው ስንት ያወጣሉ፣ ትናንሾቹ ድርጅቶች ከሌላው ጋር ተባብረው ይሠራሉ ወይ ይባላል። ውጤቱ ለሕዝብ ይወጣል። ኋላ የቀረው ክልል ስሙ ከነደረጃው ተጽፎ ይነበባል፤ ማንም ተነስቶ «የልማታችን ጠላቶች ናቸው» አይልም።

ማዕከላቱም ሥራቸው የታወቀ ነው። አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ቴክኖሎጂውን ከመግዛቱ በፊት እንዲሞክረው ማድረግ፣ ሠራተኛውን ማሰልጠን፣ ገንዘብ የሚገኝበትን መንገድ ማሳየት፣ ከሚያስፈልገው ሰው ጋር ማገናኘት ነው። ወጪው በመሠረቱ ግማሹ ከኅብረቱ ሲሆን ሌላው ግማሽ ከአገሩ ወይም ከክልሉ ይወጣል። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ከኪሱ የሚያወጣ ሰው የሚገዛውን ዕቃ አገላብጦ ያያል። ሁሉ ነገር ከላይ በስጦታ ሲወርድለት ግን አጨብጭቦ ይቀበላል።

አውሮፓ ራቀ ካላችሁ ኬንያ አለችላችሁ። ናይሮቢ ላይ አይሃብ የተባለው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት የተለየ ከተማ አልተቆረቆረለትም፤ ቀድሞ በቆመ ሕንፃ ላይ አንድ ፎቅ ይዞ ነው የጀመረው። ከእሱ በፊት ኤምፔሳ በ2007 ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ ጀምሯል፤ በ2009 ደግሞ የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመድ ሞምባሳ ደርሷል። ማዕከሉ የመጣው መስመሩ፣ ገበያውና ልጆቹ ካሉ በኋላ ነው። በአንጻሩ እዚያው ኬንያ ኮንዛ የሚባል የቴክኖሎጂ ከተማ በ2008 ታቀደ፤ የመሠረት ድንጋዩ በ2013 ተጣለ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚታየው ባዶ ሜዳ ነበር። አይሃብም ቢሆን መንገዱ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም፤ በ2019 የናይጄሪያው ሲሲሃብ ጠቅልሎ ወስዶታል። የሆነ ሆኖ ከሁለቱ የትኛው ብዙ ልጅ እንዳፈራ ናይሮቢ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጅማሮ አጥተን አይደለም። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 እዚሁ በሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ተጀምሯል። ከእሱም በኋላ ሌሎች መጥተዋል፤ የሚበዙት ግን አዲስ አበባ ናቸው። «እንግዲያው ለየክልሉ እናዳርስ» ሲባል ደግሞ አንዱን ንድፍ አባዝቶ ማደል ይመጣል። ሐዋሳና ድሬዳዋ ግን አንድ አይደሉም።

ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የተመረቀው። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ፓርክ ካለ የማዕከሉ ደንበኛ ተገኘ። ነገር ግን ለውጭ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ዲዛይኑም ትዕዛዙም የሚቆረጠው ባሕር ማዶ ነው። የስፌት ሠራተኛዋ ያለችበት ከተማ ስለ ሶፍትዌሩ የሚጠይቃት የለም። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ከአጎዋ ስታስወጣን ደግሞ ፓርኩ ምን ያህል በሰው እጅ ላይ እንደቆመ ሁላችንም አየነው። እኔ ብጠየቅ የሐዋሳን ማዕከል የምለካው በፓርኩ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው፣ በሆቴሎቹና በሲዳማ ቡና አቅራቢዎች ነው።

ድሬዳዋ ሌላ ናት። በባቡር የተወለደች፣ ጉምሩክ፣ ጭነትና መጋዘን የምታውቅ፣ ፊቷ ወደ ጂቡቲ የሆነ የንግድ ከተማ ናት። ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀባት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ነው። በዚያው ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን መሞከር የጀመረው አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን እዚያ ነው። እዚያ የሚከፈት ማዕከል የጭነት ሰነድና የመጋዘን ሥራ ካላቃለለ ምን ያደርጋል? ልጆቹን የሞባይል ጨዋታ አሠራር እያስተማረ ቢውል ነጋዴው በበሩም አያልፍ።

ገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። ባንክ ሄዳችሁ «ሐሳብ አለኝ» በሉ እስቲ። የሚጠይቃችሁ ቤት አለህ ወይ ብሎ ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ የሚፈቅድ አዋጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል፤ አዋጁ ከባንኩ መስኮት ወዲያ ስንት ወጣት እንዳሻገረ በየከተማው ይቆጠር።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር ልግባ። በግምገማ ቅጾች ላይ «የኢንተርኔት ሽፋን በመቶኛ» የሚል ዓምድ አይጠፋም። አንቴና ተቆጥሮ ይሞላል። የተዘጋበት ቀን ግን የሚሞላበት ዓምድ አላየሁም። በሰኔ 2012 ዓ.ም ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት አልነበረውም። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ኖራለች። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። ባሕር ዳር ወይም ደሴ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ለደንበኛው ምን ይበለው? «መንግሥት እስኪከፍትልኝ ጠብቀኝ»? ደንበኛው አይጠብቅም፤ ልጁም ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ አዲስ አበባ ይመጣል፣ ከቻለም ከአገር ይወጣል። ከዚያ እኛ ጥሎት በሄደው ከተማ ማዕከል እንከፍትለታለን። ስለዚህ የእኔ ሚዛን የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ በዚህ ከተማ ባለፉት አምስት ዓመታት ኢንተርኔት ስንት ቀን ተዘጋ? ማን አዘዘ? በየትኛው ሕግ? የጸጥታ ጉዳይ ነው የሚሉኝ አሉ። ይሁንላቸው፤ ግን ቀኑ ይቆጠር፣ ኪሳራውም ይጻፍ።

የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት። ሚዛኑን የሚይዘው ማን ነው? ማዕከሉን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ራሱ ገንቢ፣ ራሱ መዛኝ፣ ራሱ አመስጋኝ ከሆነ ግምገማው ቀድሞ የታወቀ ነው። የከተማው ንግድ ምክር ቤት፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ የሱቅ ባለቤቶች፣ ሞባይል ጠጋኞቹም ጭምር ይግቡበት። ውጤቱ በጋዜጣ ይውጣ። «ይህ ከተማ ገና ነው፤ ከሕንፃው በፊት መብራቱ ይስተካከል» የሚል ውጤት ከመጣ ሪባኑ ይቆይ። ምንም አይሆንም፣ አይበላሽም።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። ከድሬዳዋም፣ ከደሴም፣ ከመቀሌም የመጣችሁ እንዳላችሁ ጠዋት በር ላይ ተዋውቀናል። የቀረውን ጊዜ ለእናንተ ልልቀቅ፤ በየከተማችሁ ያለውን እናንተው ንገሩን።