ለሁለተኛው ዙር የትኛውን የእስክሪብቶ ኪት እንግዛ?

(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

ከገላን ጉራ ታክሲ እየቀያየራችሁ የመጣችሁትን በተለይ እናመሰግናለን። ድሮ ጎረቤት ሳለን ለስብሰባ የምንወጣው ድስት ጥደን ነበር፤ ዛሬ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ነገር አናበዛም። የያዝነው አንድ ጉዳይ ነው፤ በቁጠባችን ለሁለተኛው ዙር የምንገዛው የእስክሪብቶ ኪት የትኛው ይሁን?

ለአዲስ አባላት ትንሽ እናስረዳ። ኪት የምንለው ከእንጨቱ በቀር ያለውን የእስክሪብቶውን አካል በሙሉ ነው። ጫፉ፣ ኪስ ላይ የሚሰካው ክሊፕ፣ ሲጠመዘዝ ቀለሙን የሚያወጣውና የሚያስገባው መዘውር፣ እንጨቱ ውስጥ የሚቀበረው የነሐስ ቱቦ፣ እንዲሁም ሪፊል የምንለው ቀለሙን የያዘው ቀጭን ቀፎ አንድ ላይ ታሽገው ከውጭ ይመጣሉ። የእኛ ሥራ እንጨቱ ነው። በጣት ውፍረት እንቆርጠዋለን፣ መሃሉን እንበሳዋለን፣ ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረን በሙጫ እናጣብቀዋለን። ሙጫው ቱቦው ውስጥ ገብቶ እንዳይደርቅ ጫፉን በጥሬ ድንች እንደፍናለን፤ ይህን ያስተማረን የወጥ ቤት ብልሃት ነው ብለን ስንኮራ፣ ለካ በሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዚያ ጫፎቹን ቀጥ አድርገን እናስተካክልና ቶርኖው ላይ ሰክተን በመሮ እየላግን ቅርጽ እናወጣለታለን።

እንጨቱ የየት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ስትፈርስ ከየቤታችን ያተረፍነው ነው። ሁለት የጽድ በሮች፣ አንድ የዋንዛ የመስኮት መቃን፣ ጥቂት የባህር ዛፍ ወራጆችና የአንዷ እናታችን የተሰነጠቀ የወይራ ዘነዘና። ሌሎች ሰዎች ለማገዶ ሲጭኑት እናንተ ጓዝ በበዛበት ቀን በር ተሸክማችሁ ወጣችሁ። ያን ጊዜ ምን ልንሠራበት እንደሆነ ማንኛችንም አናውቅም ነበር።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከቤት የመጣ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የሚባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ሠራበት፤ በጣሊያንኛ ካሳ ማለት ቤት ነውና ካዜ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች ተባለ፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ጣሊያን ሄደ፣ ስሙ ግን እስከ ታክሲ ረዳቱ ድረስ ወረደ። ይህን የምንነግራችሁ ለወሬ ብቻ አይደለም። ከእስክሪብቶው ጋር በምትገባው ትንሽ ወረቀት ላይ ይህን ታሪክ አጠር አድርገን ስለጻፍነው ነው፤ ገዢዎች ወደውታል።

እንግዲህ ወደ መዝገቡ። በመጀመሪያው ዙር 60 ኪት ገዛን። የመረጥነው በጣም ቀጭኑን፣ በጣም ርካሹንና የወርቅ ቅብ ያለውን ነበር። የመረጥነውም እኛ ነን፤ ሂሳብ ክፍሉ ነው ዋጋውን አይቶ "ይሄ ይሻላል" ያለው። ከ60ው ስምንቱ ስንለማመድ ተሰነጠቁ፤ ይህ ይጠበቃል። 52 ተሸጡ። አብዛኞቹን የገዙን እዚሁ አካባቢያችን ስብሰባ የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጎረቤታችን ነው፤ ሆቴሎቹ እንግዳ አያጡም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመውም ግንቦት 17 ቀን 1955 እዚያው ግቢ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው። በእስክሪብቶ ነው የተፈረመው፤ እኛ አልሠራነውም እንጂ።

በአራት ወር ውስጥ ግን ከ52ቱ 17ቱ ተመለሱ። መዝገቡ ላይ "ተመላሽ" የሚል ዓምድ አልነበረንም፤ በእርሳስ አስምረን ከፈትን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሲመጡ ደንበኛው አያያዝ አያውቅም አልን። ዘጠነኛው ላይ ስንደርስ ዝም አልን።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ቅቡ ነው። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ብረት ነው፤ ኪት ላይ ደግሞ የሚቀባው እጅግ በጣም ስስ ሆኖ ነው። ሰው እስክሪብቶ ሲይዝ ጣቱ የሚያርፈው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ላብና ፍትጊያ ሲደጋገምበት ወርቁ ይለቅና ከሥሩ ያለው ብረት ይወጣል። በየቀኑ የሚጽፍበት ሰው መጀመሪያ አየው። ሣጥን ውስጥ ላስቀመጠው ሰው ዛሬም እንዳማረ ነው፤ እኛ ግን የምንፈልገው የሚጽፍበትን ደንበኛ ነው።

ሁለተኛውና የባሰው ሪፊሉ ነው። ያ ቀጭኑ ኪት የሚወስደው የክሮስ ዓይነት የሚባለውን ነው፤ ቀጠን ረዘም ያለ፣ ከላይ በኩል የሚጠበቅ ጥርስ ያለው። ስንገዛ ይህን ማን አስቦ! ቀለሙ ሲያልቅ ደንበኞቻችን ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። አንዷ ቸግሯት የቢክ ቀፎ በመቀስ ቆርጣ አስገባችበት፤ ቀለሙ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። እስክሪብቶውን ይዛልን የመጣችው ነጠላዋንም ይዛ ነው። ምን እንላታለን? የእንጨቱ ሥራ እኮ እንከን አልነበረውም። የእናቷ ቤት በር ይመስል እያገላበጠች አየችው፤ ግን አይጽፍም።

የድሮ ቁም ጸሐፊዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ብዕሩን ከመቃ ራሳቸው ይቀርጻሉ፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ሲያልቅ ሌላ ያሰናዳሉ። እኛ ግማሹን ከውጭ እያመጣን ስለምንሠራ ያ ግማሽ ሲያልቅ የት እንደሚገኝ ማወቅ አለብን።

ስለዚህ በዚህ ዙር ሥራውን ገልብጠን ጀመርን። ኪት ከመምረጣችን በፊት ሪፊል ፍለጋ ወጣን። ሁለቱን ዓይነት በእጃችን ይዘን ከካዛንቺስ እስከ ለገሃር፣ ከዚያ ፒያሳና መርካቶ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችን ጠየቅን። የክሮሱን ዓይነት ስናሳያቸው አብዛኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የፓርከሩን ዓይነት ስናወጣ ግን ፓርከሩ ራሱም ባይሆን አምሳያው ከመሳቢያ ወጣ። ይህኛው አጠር ደልደል ያለ ነው፤ ርዝመቱ 98 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በዚሁ ልክ ስለሚሠሩት አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኛል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኪት ታያላችሁ። በስተግራ ያለው የድሮው ቀጭኑ ነው፤ ሁለት ቱቦ አለው፤ በ7 ሚሊሜትር መብሻ ይበሳል። የመሃሉ ወፈር ያለ፣ አንድ ቱቦ ብቻ ያለው፣ ክሮም የተቀባና የፓርከሩን ዓይነት ሪፊል የሚወስድ ነው። በስተቀኝ ያለው ባለ ብረት ጫፍ፣ ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበት ነው።

የቀኙን ቶሎ እንለፈው። ያምራል፤ ግን ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ላይ ገዢዎቻችን በአውሮፕላን የሚመለሱ እንግዶች ናቸው። እንዲህ ያለው ብዕር በከፊል ቀለም፣ በከፊል አየር ሞልቶት አየር ላይ ሲወጣ የጓዳው ግፊት ስለሚቀንስ ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ቀለሙን ይገፋዋል። የእንግዳ ሸሚዝ ላይ የካዛንቺስን ስም ማበላሸት አንፈልግም።

እኛ የምናቀርብላችሁ የመሃሉን ነው። ክሮም ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይለቅም። አንድ ቱቦ ብቻ ስላለው የሚበሳው ቀዳዳ አንድ ነው፤ ሁለት ቁራጭ እንጨት ጭረቱ እንዲገጥም ብለን አንጨነቅም። ወፈር ስለሚልም የጽዱ ቀይ መስመር ይታይበታል። ጉዳት አለው፤ አንደብቅም። ቀዳዳው ከ10 ሚሊሜትር በላይ ስለሆነ አዲስ መብሻ ያስፈልጋል። ቶርኖው ላይ ልኩን የሚያሳዩት የብረት ቀለበቶችም ለእያንዳንዱ የኪት ዓይነት የተለዩ ናቸውና እነሱንም መግዛት አለብን። አንዴ ከገዛን ግን እዚያው ዓይነት ላይ ብንቆይ ዳግም አናወጣም። በየዙሩ ዓይነት የምንቀያይር ከሆነ ትርፋችን መብሻ ሆኖ ይቀራል።

ዋጋውስ? ከርካሹ ይበልጣል። ቀለል ባለ ቁጥር እንየው። ርካሹ እስክሪብቶ በ100 ብር ተሠርቶ በ150 ይሸጣል እንበል። አሥር ብንሸጥና እንደ አምናው ከሦስት አንዱ ቢመለስ፣ ሦስት ተመለሰ ማለት ነው። ከሰባቱ 350 ብር አተረፍን፤ ለሦስቱ ገንዘቡን መልሰን የወጣብንን 300 ብር ከሰርን። ከአሥር እስክሪብቶ በእጃችን የቀረው 50 ብር ነው። አሁን ኪቱ 20 ብር ይጨምር፤ መሸጫውን አንንካው። ከእያንዳንዱ የምናተርፈው 30 ብር ብቻ ነው። ከአሥር አንዱ ቢመለስ እንኳ ከዘጠኙ 270 አግኝተን 120 ከሥረን 150 ብር ይቀረናል። ባይመለስ 300። በዚህ ስሌት ውስጥ የእናንተን የእጅ ዋጋ በደንብ አላስገባንም፤ አምናም አላስገባንም፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው። ከዚህ ዙር ጀምሮ የሥራ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ቶርኖው አጠገብ ይሰቀላል።

የምንዛሬውን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ኪቱ በዶላር ስለሚገዛ እንደ ሽንኩርት ዛሬ ጥቂት ነገ ጥቂት እያልን የምንሸምተው አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ስናገኝ አንዴ ነው የምናስመጣው። ከተሳሳትን የምናርመው በሚቀጥለው ሻንጣ ነው።

ኮሚቴው ውስጥ የተነሳውን ተቃውሞም መናገር ይገባናል። አንዷ እናታችን "ወርቅ ያልመሰለ ስጦታ ማን ይገዛችኋል? ክሮም እኮ የሆስፒታል ዕቃ ይመስላል" ብለዋል። ሳቅን፤ ግን እውነት አላቸው። ለሠርግና ለምርቃት የሚገዙን ወርቅማውን ነው የሚጠይቁት። ለዚህ መልስ አለ፤ ቲታኒየም ተቀላቅሎበት ወርቅ የሚመስል ጠንካራ ቅብ ያለው፣ ያው የመሃሉ ዓይነት ኪት ይገኛል። ይወደዳል። ከ50ው አሥሩ እንደዚያ ይሁኑ ብለናል፤ በትእዛዝ ብቻ የሚሠሩ።

አንድ ነገር ይቀረናል። የጽዱ በሮች ቆጠራ ተደርጓል። ምስማር የበላውንና የነቀዘውን ካስወጣን የሚተርፈን ለ90 እስክሪብቶ ገደማ የሚሆን ነው። ጽድ ሲበሳ ሙቀት አይችልም፤ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቀስ እያላችሁ፣ መብሻውን እያወጣችሁ አቀዝቅዙት። ወይራው ከዘነዘናው ለስድስት ወይም ለሰባት ይሆናል። ጋን ስናጥን የሚያውደን ያ ሽታ ቶርኖው ላይም ስለሚመጣ ሠራተኞቹ ማንም እንዲሸጠው አልፈለጉም፤ እሱን በሌላ ስብሰባ እንነጋገርበታለን። ኪት አልቆ ሌላ ሊመጣ ይችላል። በሩ ግን ሌላ የለንም፤ አምና የተመለሱት የ17ቱ እንጨት ከዚያው በር ነበር። ቱቦው ከእንጨቱ ሳይሰበር አልወጣ ብሎ አሥራ አንዱን አጥተናል።

ድምፅ የምንሰጠው በቡና ፍሬ ነው። በእያንዳንዱ ኪት ፊት ሲኒ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሦስቱንም አንሱ፣ ክብደታቸውን በእጃችሁ ለኩ፣ ወረቀቱ ላይ ስማችሁን ጻፉባቸው፣ ሪፊላቸውን አውጥታችሁ መልሳችሁ ክተቱ። ጣቶቻችሁ ላይ ሪህ ያለባችሁ እናቶች በተለይ መጠምዘዙ ቢከብዳችሁ ንገሩን፤ ገዢዎቻችን ውስጥም አዛውንት አሉ። ከዚያ ፍሬያችሁን ጣሉ። የገላን ጉራዎቹ ሰልፍ ሳይበዛ መንገድ መጀመር ስላለባቸው እነሱ ይቅደሙ፤ ሌሎቻችን ቡናው እስኪፈላ እንጠብቃለን።