ከተማው ሲሠራ እኛ ምን እንሥራ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት አርእስት ስለ ሕንፃ ሥራና ሥራውን ስለሚፈልግ ወጣት ነው። በበዓል ቀን ስለ ሲሚንቶና ስለ አሸዋ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ዓይናችሁን ወዴትም ብትመልሱ የምታዩት ሕንፃ ስለ ሆነ፥ ከእናንተም መካከል ብዙዎቹ ነገ እንጀራቸውን ከዚሁ ስለሚፈልጉ፥ ጉዳዩ የሁላችን ነው።

አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ መሠራቷን አላቋረጠችም። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ ለከተማይቱ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው አዳራሽ ነው። ከ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በየአቅጣጫው ተሠሩ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የከተማ ባቡር አገልግሎት ጀመረ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ተመረቀ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቆ፥ የኮሪደር ልማት የሚባለውም ሥራ ተጀመረ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ድንጋይ የጠረበ፥ ብረት ያሰረ፥ አርማታ የተሸከመ ሰው አለ። እንግዲህ ሥራ መኖሩን ሁላችን እናያለን፤ ሥራውን አግኝቶ የሚሰነብትበት ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ግን የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው።

ይህን የማነሣው በከንቱ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ከ100 ተፈታኝ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ከወደቁት ከፊሎቹ የማካካሻ ትምህርት ዕድል አገኙ፤ የቀሩት ግን ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ከፍ ቢልም አብዛኛው ተፈታኝ አሁንም ከዩኒቨርሲቲ በር ውጭ ይቀራል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ ሕንፃ ሥራ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ዐውቀው ይሁን ወይስ ሳያውቁ? የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

አስቀድሞ ሥራው እንዴት እንደሚገኝ እንመልከት። ባለንብረቱ ሥራውን ለሥራ ተቋራጭ ይሰጣል፤ ተቋራጩ ደግሞ የብረቱን፥ የአናጢውን፥ የልስኑን ሥራ ለየባለሙያው ያካፍላል፤ ባለሙያው ረዳቶቹንና የቀን ሠራተኞቹን ብዙ ጊዜ ራሱ ይይዛል። ስለዚህ በበሩ ላይ ቆሞ «ሥራ አለ ወይ?» ብሎ ዘበኛውን መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ዘበኛው የሚያውቀው በሩን ነው። ሠራተኛ የሚይዘው ካቦው ወይም ፎርማኑ ስለ ሆነ፥ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር እርሱን ፈልጎ ማነጋገር ይሻላል።

ከዚህም በቀር ሕንፃ እንደ እርሻ የራሱ ወራት አለው። መሠረት ሲቆፈር ጉልበተኛ የቀን ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ምሰሶና ወለል ሲወጣ ብረት አሳሪና አናጢ፥ ግድግዳ ሲቆም ግንበኛ፥ ከዚያም ለሳኝ፥ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሠራተኛ፥ በመጨረሻም ሴራሚክ አንጣፊና ቀለም ቀቢ ይፈለጋሉ። ሕንፃው የደረሰበትን ደረጃ ከውጭ አይቶ ያወቀ ልጅ ምን ሥራ እንደሚጠይቅ ያውቃል። ምሰሶው ገና በሚወጣበት ቦታ «ቀለም ቀቢ ነኝ» ብሎ የሚሄድ ግን ቀኑን ያባክናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሥራ በበዛ ጊዜ ትከሻ ያለው ሁሉ ይቀጠራል። ሲሚንቶ ሲጠፋ፥ ገንዘብ ሲያጥር ወይም ክረምት ሲገባ ግን መጀመሪያ የሚሰናበተው ትከሻ ብቻ ይዞ የመጣው ነው። ጉልበት በየማለዳው በየአደባባዩ ይገኛል፤ ጥሩ ግንበኛ ግን አንዴ ከሄደ ቶሎ አይገኝም፤ ስለዚህ አሠሪው ላለመልቀቅ ይጥራል። ስለዚህ ባሬላ ተሸክማችሁ ብትጀምሩ ነውር የለበትም፤ በዓመቱም እዚያው ባሬላው ላይ ብትገኙ ግን ጉዳት ነው። ገና ከመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሙያ ምረጡ፤ ለባለሙያው ረዳት ለመሆን ጠይቁ፤ ዕቃውን አቀብሉ፤ እጁን ተመልከቱ።

በዚህ ጊዜ የትምህርት ጥቅም ይታያል። ግንበኛ የቤቱ ማእዘን ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው በአንዱ ጎን 3 ሜትር፥ በሌላው ጎን 4 ሜትር ለክቶ፥ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር መሆኑን በማየት ነው። ይህ በክፍል የተማራችሁት የፓይታጎረስ ደንብ ነው። ወለሉ እኩል መሆኑን የሚያየው ውሃ በተሞላ፥ ውስጡ በሚታይ ጎማ ነው፤ ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ እንደሚይዝ በፊዚክስ ተምራችኋል። 1 እጅ ሲሚንቶ፥ 2 እጅ አሸዋ፥ 3 እጅ ጠጠር ሲባልም የምታውቁት ንጽጽር ነው። አርማታ ውሃ ሲበዛበት ለማፍሰስ ይቀላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ደካማ ይሆናል። ብዙ ባለሙያ ይህን በልምድ ያውቃል፤ ምክንያቱን ጨምሮ የሚያውቅ ግን ፕላን ለማንበብ አይቸገርም፤ ፕላን ማንበብ የቻለም ካቦ ለመሆን ሩቅ አይደለም። ይህን ስላችሁ ለቀን ዋጋ ብላችሁ ትምህርታችሁን ከመካከል አቋርጡ ማለቴ አይደለም፤ የዛሬው ብር ነገ ያልቃል፤ ስሌቱ ግን ከእናንተ ጋር ይኖራል። ከዚህ ስትወጡም የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በልምድ የተማረም ቢሆን ለሙያ ብቃት ምዘና ቀርቦ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል።

ሌላው ነገር ውል ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፤ የቀኑ ዋጋ ስንት ነው? የሚከፈለው በየቀኑ ነው ወይስ በየሳምንቱ? የሚከፍለኝ ማን ነው? ስንት ሰዓት እሠራለሁ? ይህን ያልጠየቀ ልጅ ቅዳሜ ማታ ይጨነቃል። ካቦው «ከተቋራጩ አልተቀበልሁም» ይለዋል፤ ተቋራጩ «ለካቦው ከፍያለሁ» ይለዋል፤ ልጁም በሁለቱ መካከል ጦሙን ያድራል።

ሕጉ ለሠራተኛው ይናገርለታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ ሌሊትም ሆነ ትርፍ ሰዓት አይሠራም። ያልተከፈለ ደመወዝ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ በኪሳችሁ ትንሽ ደብተር ያዙ፤ የሠራችሁበትን ቀንና የተቀበላችሁትን ብር ጻፉ። «ሳልቀጥርህ አስቀድመህ ገንዘብ አምጣ» ከሚል ደላላም ራቁ።

ከገንዘቡ ሁሉ የሚበልጠው ሕይወት ነው። የራስ ቆብ፥ ጓንትና የደኅንነት ቀበቶ አሠሪው በራሱ ወጪ ሊያቀርብ ይገባል። በላላ መወጣጫ ላይ አልወጣም ያለ ሰው ፈሪ አይደለም፤ ማታ ወደ እናቱ የሚመለስ ሰው ነው።

እኅቶቼ ሆይ፥ በሕንፃ ቦታ ሴቶች ባሬላ ተሸክመው፥ አሸዋ ነፍተው ሲውሉ ሁላችን እናያለን። ከባዱን ከቻላችሁ ሴራሚክ ማንጠፍ፥ ኤሌክትሪክ መዘርጋት፥ ቦታ መቀየስ የሚያቅታችሁ ለምንድን ነው? ሙያውን ጠይቁ፤ አትፈሩ።

ወላጆቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በአገራችን የእጅ ሥራ ሲናቅ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም ግን ልጁ ግንበኛ የሆነበት አባት ለጎረቤት ለመናገር ያፍራል። ፈተና ያልቀናውን ልጅ «ከንቱ ሆንህ» ከምትሉት «የቱን ሙያ ትወዳለህ?» ብትሉት፥ የጠፋ የመሰላችሁ ልጅ ቤታችሁን የሚሠራ ሰው ሆኖ ይመለስ ይሆናል። መምህራኖቻችንም ሒሳቡን ስታስተምሩ አንድ ቀን ተማሪዎቹን ይዛችሁ በአቅራቢያ ወዳለው ሕንፃ ብትሄዱ፥ ሦስትና አራት አምስትን እንዴት እንደሚወልዱ በገመድ ያዩታል።

ተማሪዎች ሆይ፥ ከተማው መሠራቱን ይቀጥላል። ሠሪዎቹ ግማሹን ዋጋ ተነጥቀው፥ ሳይጠነቀቁ ከፎቅ ወድቀው የሚቀሩ ሰዎች እንዳይሆኑ፥ ዐዋቂ እጅ ያስፈልገዋል። ያ እጅ የእናንተ እንዲሆን እመኛለሁ። ትምህርት ቤታችንም ለብዙ ዘመን ባለሙያ ሲያወጣ ይኑር።